ሻጩን ሳታስቀይሙ፣ እናንተም ሳትሸወዱ ፈረስ መግዛት

የፈረስ ዋጋ ላይ መከራከር ነውር የለውም። ሻጩም ይጠብቀዋል። ብዙውን ጊዜ ዋጋ ሲጠራ ለክርክር የምትሆን ትንሽ ነገር ጨምሮ ነው። ነውሩ ያለው አከራከሩ ላይ ነው። ፈረሱን ሳያዩ ዋጋ መስበር፣ የሰውን የጋማ ከብት ባለቤቱ ፊት ማጣጣል፣ ከተስማሙ በኋላ ሐሳብ መቀየር፤ ሰው የሚቀየመው በእነዚህ ነው።

ሻጭን ማስቀየም ደግሞ ኪሳራ አለው። ሻጩ ስለ ፈረሱ ከእናንተ ብዙ እጥፍ ያውቃል። ምን እንደሚያስደነግጠው፣ ሰኮናው ሲቆረጥ ዝም ብሎ ይቆም እንደሆነ፣ የትኛውን እግሩን ማስነካት እንደማይወድ ያውቃል። ይህ እውቀት ከግዢው በኋላም ያስፈልጋችኋል። አዲሱ ፈረስ በሦስተኛው ቀን መኖ አልበላ ሲል መጀመሪያ የምትደውሉት ለማን ነው? በክርክር ያዋረዳችሁት ሰው ስልክ አያነሳም።

ስለዚህ እዚህ የምጽፈው አንድ ነገር ላይ የቆመ ነው። የፈረስ ዋጋ የሚወርደው በማስረጃ ነው። ማስረጃ ለመያዝ ደግሞ ዋጋን የመጨረሻ ርዕስ ማድረግ ያስፈልጋል።

1. ጣሪያችሁን ቤት ሆናችሁ ቁረጡ

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚባለው ለዚህ ነው። ከቤት ሳትወጡ ሁለት ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ። አንዱ ደስ ብሏችሁ የምትከፍሉት ነው። ሁለተኛው ከዚያ በላይ አንድ ሳንቲም የማትጨምሩበት ጣሪያ ነው። ፈረሱ ፊት ቆማችሁ የምትወስኑት ቁጥር ሁልጊዜ ከፍ ይላል። ፈረስ ያማልላል።

ጣሪያውን ስታወጡ የግዢውን ዋጋ ብቻ አታስቡ። 500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ከክብደቱ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ የሚሆን ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ይህ ከ7.5 እስከ 10 ኪሎ ድርቆሽ ማለት ነው፣ በየቀኑ። ሰኮናው በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ መስተካከል አለበት። ጥርሱን ቢያንስ በዓመት አንዴ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ክትባት አለ፣ የጥገኛ ትል መድኃኒት አለ። ከግዢው በፊት የምታስደርጉት ምርመራና ማጓጓዣውም የእናንተ ወጪ ነው። ፈረስ 25 እና 30 ዓመት ሊኖር ይችላል። ይህን ሁሉ ስትደምሩ የመግዣው ዋጋ ከወጪው ትንሹ ክፍል ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው በቅናሽ የተገዛ የሚያነክስ ፈረስ ውድ የሚሆነው።

ከዚያ ገበያውን አጥኑ። በዕድሜ፣ በቁመትና በሥልጠና የሚቀራረቡ ፈረሶችን ዋጋ አነጻጽሩ። የተጠራው ዋጋና የተሸጠበት ዋጋ የተለያዩ መሆናቸውን አትርሱ። ዋጋ የሚያወጣው በዋናነት ዕድሜው፣ ጤናው፣ ጠባዩና የተማረው ነገር ነው። ያልተገራ ወጣት ፈረስ ረከስ ይላል፤ ግን መግሪያውን እናንተ ትከፍሉታላችሁ። መልክ ብዙ ገዢ ከሚያስበው ያነሰ ክብደት ሊሰጠው ይገባል። ለዳማ ቀለም ተብሎ ዋጋ ሲጨመር ሳይ ይገርመኛል።

2. በስልክ ዋጋ አትስበሩ

ሻጭን በጣም የምታናድደው ጥያቄ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ የምትመጣው ናት፦ «የመጨረሻው ስንት ነው?» ፈረሱን አላያችሁም። ምን አይታችሁ ነው የምታስቀንሱት? ሻጩ ለዚህ ጥያቄ ቁጥር ቢሰጣችሁ እንኳ፣ ስትደርሱ ሌላ ቅናሽ እንደምትጠይቁ ስለሚያውቅ ያንን አስልቶ ነው የሚሰጣችሁ።

በስልክ የሚጠየቀው ሌላ ነው። ስንት ዓመቱ ነው? እርስዎ ጋ ስንት ጊዜ ቆየ? አሁን ማን ነው የሚጋልበው? አነክሶ ያውቃል? የሆድ ቁርጠት ይዞት ያውቃል? መኪና ላይ ሲጫን ያስቸግራል? ለምን ሊሸጡት አሰቡ? የመጨረሻዋን ጥያቄ እንደ መርማሪ ሳይሆን እንደ ጨዋታ ጠይቋት። መልሷ ብዙ ትነግራችኋለች።

ስለ ዋጋ የሚፈቀደው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ዋጋው ላይ ንግግር ይቻላል?» አይቻልም ካሉ አይቻልም። የተጠራው ዋጋ ከጣሪያችሁ በጣም የራቀ ከሆነ ደግሞ በግልጽ ተናገሩ። «ያለኝ እዚህ ድረስ ነው፣ መጥቼ ጊዜዎን እንዳላባክን ብዬ ነው» ማለት ያስከብራል። አንዳንዴ ሻጩ ራሱ «ግድ የለም፣ ይምጡና ይዩት» ይላል።

ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ ነገር ለምኑ፦ ፈረሱ እናንተ ከመድረሳችሁ በፊት እንዳይጫንና እንዳይጋለብ። ቀድሞ የተጋለበ ፈረስ እልሁ ይበርዳል፤ ጥቂት የተንቀሳቀሰ እግርም ግትርነቱን ሊደብቅ ይችላል።

3. ስትደርሱ

በሰዓቱ ድረሱ። ቤተሰቡን በሙሉ ይዛችሁ አትሂዱ። ፈረስ የሚያውቅ አንድ ሰው ይበቃል። ስለ ዋጋ የሚናገረው ማን እንደሆነ መንገድ ላይ ተስማሙ። አንዱ «ደህና ዋጋ ነው» ሲል ሌላው «ተወድዷል» የሚል ከሆነ ክርክሩ ሳይጀመር አለቀ።

ሳታስፈቅዱ ፈረሱን አትንኩ፣ ምንም አታጉርሱት፣ አፉን ራሳችሁ አትክፈቱ። ከተፈቀደላችሁ በኋላ ግን መዳፋችሁን ደረቱና ጀርባው ላይ አሳርፉ። ኮርቻ ያረፈበት ቦታ ሞቆ ወይም ላብ አቁሮ ካገኛችሁት ተጋልቧል ማለት ነው። ቢሆንም አትጣሉ። «ዛሬ ወጣ ብሎ ነበር እንዴ?» በሉና መልሱን ስሙ።

ብዙ ሰው «ደስታህን ፊትህ ላይ አታሳይ» ብሎ ይመክራል። እኔ ብዙም አይመስለኝም። «ቆንጆ ፈረስ ነው» ማለት ዋጋ አያስጨምርም። ሻጩ ፈረሱ ቆንጆ መሆኑን ያውቃል። ዋጋ የሚያስጨምረው «ይሄን ካላገኘሁ ሞቼ እገኛለሁ» ማለት ነው። እሱን ቤት ትታችሁት ኑ።

4. እዩ፣ ጻፉ፣ ዝም በሉ

ዋጋው የሚቆረጠው እዚህ ነው። አንድ ሰዓት ቢወስድባችሁ አይቆጫችሁ።

ጥርስ። ባለቤቱ አፉን እንዲከፍትላችሁ ጠይቁ። ፈረስ የፊት የወተት ጥርሶቹን የሚቀይረው በየተራ ነው። የመሃሎቹን 2 ዓመት ተኩል ገደማ፣ ቀጥሎ ያሉትን 3 ዓመት ተኩል ላይ፣ የጥጎቹን 4 ዓመት ተኩል ላይ ይቀይራል። 5 ዓመት ሲሆነው የፊት ጥርሶቹ በሙሉ ቋሚ ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚያግዛችሁ በላይኛው የጥግ ጥርስ ላይ የምትታይ ቡናማ ቦይ ናት። 10 ዓመት አካባቢ ከድድ ሥር ብቅ ትላለች። 15 ላይ የጥርሱ ግማሽ ትደርሳለች። 20 ላይ እስከ ታች ትወርዳለች። ይህ ግምት እንጂ የልደት ወረቀት አይደለም። ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ግምቱም ይሳሳታል። እናም 9 ዓመቱ ነው በተባለ ፈረስ ላይ ቦይዋ እስከ ግማሽ ወርዳ ካያችሁ «ዋሸኸኝ» አትበሉ። «ጥርሱ ጠና ያለ ይመስላል፤ ዕድሜው የተጻፈበት ወረቀት ይኖራል?» በሉ። ሻጩም እንደ እናንተ የተነገረውን አምኖ የገዛ ሊሆን ይችላል።

እዚያው ሳላችሁ የፊት ጥርሶቹን ጠርዝ ተመልከቱ። ያለ ልክ ተበልቶ ከሆነ እንጨት እየነከሰ አየር የመሳብ ልማድ ሊኖረው ይችላል።

እግር። ጠንካራና ደልዳላ መሬት ላይ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ በሶምሶማ ገመዱን ላላ አድርገው ይምሩላችሁ። ዓይናችሁን ራሱ ላይ አድርጉ። የፊት እግሩን ያመመው ፈረስ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሳል፤ ደህናው ሲያርፍ ይደፋዋል። በሶምሶማ ጊዜ በደንብ ይታያል። የኋላ እግር ከሆነ ከኋላ ቆማችሁ ወገቡ በሁለቱም በኩል እኩል ይነሳ እንደሆነ እዩ። ከዚያ በግራም በቀኝም በክብ ይዙር።

ሰኮና። ዙሪያውን ቀለበት የመሰሉ መስመሮች ካሉና ከፊት ጠበብ ብለው ተረከዙ ጋ ሰፋ ካሉ፣ ፈረሱ ከዚህ በፊት የሰኮና ውስጥ ብግነት ታሞ ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ ይመለሳል። በቀጥታ ጠይቁ።

ሻጩ ራሱ ወይም የሚያምነው ሰው አስቀድሞ ይጋልብ። ሻጩ የማይወጣበትን ፈረስ እናንተ አትውጡበት። ስትጋልቡም ሽምጥ አስፈንጥሩት ያላችሁ የለም። የሰው ንብረት ነው። ገና አልገዛችሁትም።

ይህን ሁሉ ስታዩ ጉድለት ባገኛችሁ ቁጥር አፋችሁን አትክፈቱ። ደብተር ላይ ጻፉ። በየደቂቃው «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» እያሉ ማጉረምረም ሻጩን ያደነድነዋል። ለእናንተ ጉድለት የሆነው ነገር ለእሱ አብሮት ያደገ ፈረስ ጠባሳ ነው።

ከዚያ የጻፋችሁትን ሦስት ቦታ ክፈሉ። የመጀመሪያው ፈረሱን ለፈለጋችሁበት ሥራ የማይሆን የሚያደርገው ነው። እዚህ ክርክር የለም፤ አመስግናችሁ ትሄዳላችሁ። በቅናሽ የሚድን ማንከስ የለም። ሁለተኛው ገንዘብ የሚያስወጣ ግን የሚስተካከል ነው፦ ሳይቆረጥ የቆየ ሰኮና፣ መሞረድ ያለበት ጥርስ፣ ክሳት፣ የጎደለ ሥልጠና። የዋጋ ክርክራችሁ የሚቆመው በዚህ ላይ ብቻ ነው። ሦስተኛው የመልክ ጉዳይ ነው፦ የተሸረፈ ጋማ፣ የዳነ ጠባሳ፣ የማትወዱት ቀለም። ስለ እነዚህ ትንፍሽ አትበሉ።

5. ዋጋ መጥራት

ፈረሱ ወደ በረቱ ይመለስ። ገመዱን ለባለቤቱ መልሱ፣ አመስግኑ፣ ገለል በሉ። ሌላ ገዢ ባለበት፣ ሠራተኞቹ በሚሰሙበት፣ ሻጩ ሌላ ሥራ በያዘበት ሰዓት ዋጋ አይጠራም። ሰው ፊት የተባለን ዋጋ መቀነስ ለማንም ይከብዳል።

አነጋገሩ ቅደም ተከተል አለው። የወደዳችሁትን ትናገራላችሁ፣ ምክንያታችሁን ታቀርባላችሁ፣ ቁጥሩን ትጠራላችሁ። ከዚያ ዝም ትላላችሁ። ዝምታው ይከብዳል። ብዙ ገዢ እዚህ ጋ ነው የሚሸነፈው። ሻጩ ገና እያሰበ ሳለ «ወይም ትንሽ ልጨምር» ይላል። ሰውየው እያሰበ ነው፤ ያስብ።

ለምሳሌ እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

«ባዝራይቱን ወድጃታለሁ። ረጋ ያለች ናት፣ ስትጫንም አላስቸገረችም። ሰኮናዋ ግን ከተቆረጠ ቆይቷል። ጥርሷም መሞረድ አለበት። እነዚህን እኔ ስለማሠራ ይህን ያህል ቢያደርጉልኝ ዛሬውኑ ቀብድ እከፍላለሁ።»

«ሰኮናው እውነት ነው፣ በዚህ ሳምንት ላስቆርጥላት ነበር። ጥርሱ ግን የትኛውም ፈረስ ላይ ያለ ነገር ነው።»

«እሺ፣ ጥርሱን ልተወው። ሰኮናዋን እርስዎ አስቆርጠው ያስረክቡኝ። ዋጋው ላይ ደግሞ መሃል እንገናኝ።»

ማንም አልተዋረደም። ሻጩ አንዱን አመነ፣ አንዱን አልተቀበለም። ገዢው አንዱን ለቀቀ። ደህና ክርክር ይሄ ነው።

ከየት ይጀመር? ምክንያት ካላችሁ ከተጠራው ከ10 እስከ 15 በመቶ ዝቅ ብሎ መጀመር ማንንም አያስቀይምም። ግማሽ ዋጋ መጥራት ግን «ፈረስህን ንቄዋለሁ» ከማለት አይተናነስም፤ ንግግሩ እዚያው ሊያልቅ ይችላል። የጠራችሁት ቁጥር ሻጩ «እሺ» ቢል በደስታ የምትከፍሉት መሆን አለበት። «እሺ» ካለ በኋላ «ቆይ ልማከር» ማለት ትልቁ ነውር ነው። ምልልሱም ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሄድ ሁለታችሁም ስለ ፈረሱ ሳይሆን ስለ ክብራችሁ ነው የምትከራከሩት።

ቁጥሩ አልንቀሳቀስ ካለ ከገንዘብ ውጭ ያለውን ጠይቁ። ኮርቻና ልጓሙ ይካተት ይሆን? ማጓጓዣውን ይችሉ ይሆን? ብዙ ገዢ የማይጠይቀው፣ እኔ ግን በጣም የምወደው አንድ ነገር አለ፦ ፈረሱ የለመደው መኖ፣ ለአንድና ለሁለት ሳምንት የሚሆን። መኖ በድንገት ሲቀየር ፈረስን የሆድ ቁርጠት ሊይዘው ይችላል። አሮጌውን ከአዲሱ እየቀላቀሉ ቀስ በቀስ ማሸጋገር ያስፈልጋል። ለሻጩ ብዙም አይከብደውም፣ ለእናንተ ዋጋ አለው። ደግሞም ስለ ፈረሱ እንደምታስቡ ያሳያል፤ ፈረሱ የት እንደሚገባ የሚያስጨንቀው ሻጭ ጥቂት አይደለም።

የውሸት ታሪክ አታምጡ። የሌለ ሌላ ፈረስ እየጠሩ ማስፈራራት፣ ችግርን እያጋነኑ ማሳዘን፣ እነዚህ ይነቃሉ። ፈረስ የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ክቡ ጠባብ ነው፤ ወሬ ይዞራል።

ደላላ ካለ ገና በመጀመሪያ ጠይቁ፦ የሚከፍልዎት ማን ነው? እኔ፣ ሻጩ ወይስ ሁለታችንም? ድርሻው ከሽያጩ በመቶ የሚታሰብ ከሆነ ዋጋው ሲጨምር የሱም ይጨምራል። ይህ ወንጀል አይደለም፤ ግን እያወቃችሁ ተነጋገሩ። ያገናኛችሁን ደላላ ዘልሎ በጓሮ ከሻጩ ጋር መጨረስ ግን አይሆንም።

6. ሐኪም፣ ከዚያም ሁለተኛው ክርክር

የተስማማችሁት ዋጋ «ሐኪም አይቶት ደህና ከሆነ» በሚል ቅድመ ሁኔታ ይሁን። ይህን ቀድማችሁ ተናገሩ። የእንስሳት ሐኪሙን የምትመርጡትም የምትከፍሉትም እናንተ ናችሁ። የሻጩ የዘወትር ሐኪም ባይሆን ይመረጣል። ሐኪሙ የልብ ትርታውን ይሰማል፤ ያረፈ ትልቅ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ገደማ ይመታል። ዓይኑን፣ ሳንባውን ያያል። እግሩን ለጥቂት ጊዜ አጥፎ ይይዝና ወዲያው በሶምሶማ ያስነሳዋል። ካስፈለገ ራጅ ይነሳል። ደም ተወስዶ እንዲቀመጥ ማድረግም ይቻላል። በኋላ ፈረሱ ማንከስ ከጀመረ በዚያ ቀን የህመም ማስታገሻ ተሰጥቶት እንደነበር ደሙ ሊያሳይ ይችላል። ይህን ሁሉ ለማስደረግ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ሐኪሙ «ግዛ» ወይም «አትግዛ» እንዲል አትጠብቁ። ያገኘውን ይነግራችኋል፤ ለምትፈልጉበት ሥራ ምን ማለት እንደሆነም ያስረዳችኋል። ውሳኔው የእናንተ ነው።

አሁን ጥያቄው ምርመራው አንድ ነገር ቢያሳይ እንደገና ዋጋ ማንሳት ይቻላል ወይ ነው። ይቻላል፣ ግን ሁለት ነገር ሲሟላ ብቻ። ግኝቱ አዲስ መሆን አለበት። ራሳችሁ አይታችሁ የተከራከራችሁበትን ወይም ሻጩ አስቀድሞ የነገራችሁን ነገር መልሶ ማንሳት አንድን ጉድለት ሁለቴ ማስቀነስ ነው። ሌላው፣ ግኝቱ ገንዘብ የሚያስወጣ ወይም ፈረሱ የሚሠራውን የሚቀንስ መሆን አለበት። ሁለቱ ከተሟሉ ሪፖርቱን አሳዩ፣ ወጪውን አስረዱ፣ አንድ ቁጥር ተናገሩ። አንዴ ብቻ። ሻጩ ካልተስማማ ወይ በመጀመሪያው ዋጋ ትገዛላችሁ፣ ወይ ትተዋላችሁ። ከተዋችሁ ደግሞ ምክንያቱን ለሻጩ ንገሩት። ፈረሱን ሊያሳክመው ይችላል። ለሌላ ሰው ግን «የእሱ ፈረስ በሽተኛ ነው» እያሉ ማውራት አይገባም።

7. ካልተስማማችሁ

አጭር ይሁን። «ጥሩ ፈረስ ነው፣ ለእኔ ግን አልሆነም። ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።» ማሰብ ከፈለጋችሁ ቀጠሮ ስጡ፦ «እስከ ነገ ማታ እደውላለሁ።» ከዚያ ደውሉ፣ መልሱ «አይ» ቢሆንም። «አስብበታለሁ» ብሎ መጥፋት ሻጩ ሌላ ገዢ እንዲመልስ ያደርገዋል።

8. ቀብድ፣ ወረቀት፣ ክፍያ

ቀብድ ስትከፍሉ ደረሰኝ ይኑረው። ስንት እንደተከፈለ፣ ፈረሱ እስከ መቼ እንደሚያዝላችሁ፣ ምርመራው መጥፎ ከሆነ ገንዘቡ እንደሚመለስ ይጻፍ። ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ፈረሱን ለሌላ አያሳይም። ቀብድ የከፈለ ገዢም ሌላ ፈረስ ፍለጋ አይዞርም።

ውሉ ላይ የፈረሱ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ቀለም፣ ግንባሩና እግሩ ላይ ያሉ ምልክቶች፣ ከቆዳው ሥር የተቀበረ መለያ ካለው ቁጥሩ፣ ሻጩ የነገራችሁ ጉድለቶች፣ ዋጋውና አብሮ የሚሰጠው ዕቃ ይስፈሩ። ሰው የሚረሳው አንድ መስመር አለ፦ ከክፍያው እስከ ርክክቡ ባሉት ቀናት ፈረሱ ቢጎዳ ኪሳራው የማን ነው? አስቀድማችሁ ጻፉት።

በክፍያው ቀን የተስማማችሁትን ሙሉውን ይዛችሁ ቅረቡ። መኪናው በር ላይ ቆሞ፣ ፈረሱ ታስሮ፣ ሻጩ ተሰናብቶት ሳለ «ያገኘሁት ይሄን ብቻ ነው» ማለት ድርድር አይባልም። ገንዘቡን አብራችሁ ቁጠሩ፣ ፈርሙ፣ ሁለታችሁም አንድ አንድ ቅጂ ያዙ። ከመጫኑ በፊት የክትባቱን ወረቀት ተቀበሉ፣ በመጨረሻ የበላው መቼና ምን እንደሆነ ጠይቁ፣ አራቱንም እግሮቹን ፎቶ አንሱ።